ካሬው ሲዞር ካሬነቱ የት ይሄዳል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ "የ4ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። ጂኦሜትሪ ላይ ስንደርስ ትርጉሙን አስጽፋለሁ፣ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ልጆቹ በቃላቸው ይወጡታል። ግን ካሬውን ትንሽ ዘንበል አድርጌ ስስለው 'ካሬ አይደለም' ይሉኛል። ዙሪያና ስፋትንም ያምታታሉ። በተግባር አስተምሪ እባላለሁ፤ ያለኝ ግን ጠመኔና ሰሌዳ ነው። ከየት ልጀምር? ጊዜውስ ከየት ይመጣል?"

መምህርት፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም ደስ ያለኝ ካሬውን ዘንበል አድርገው መሣልዎ ነው። ብዙዎቻችን ካሬን ሁልጊዜ ቀጥ አድርገን ነው የምንስለው። ልጆቹም "ካሬ!" ብለው ይመልሱልናል። እኛም ገባቸው ብለን እናልፋለን። እርስዎ ግን አዘነበሉትና ያልገባቸው ምን እንደሆነ አዩ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

እኔ መምህራንን በማሠልጠን ነው የቆየሁት። ሠልጣኞቼን ለማየት ብዙ ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሠልጣኝ ልክ እንደ እርስዎ ካሬውን አዘንብላ ሣለችና "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ካሬ አይደለም!" አለ። "ለምን?" "ተጣሟል!" ከዚያ ጥግ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሳ። አንገቱን ወደ ትከሻው ጣል አድርጎ ሰሌዳውን አየ። "እንዲህ ሲያዩት ካሬ ነው" አለ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አዘነበለ። ወዲያው ጫጫታ ሆነ። ግማሹ "ነው"፣ ግማሹ "አይደለም"። ሠልጣኟ ደንግጣ ዝም ልታሰኛቸው ስትል በእጄ ምልክት "ተያቸው" አልኳት። ለ5 ደቂቃ ያህል ተከራከሩ። ያንን ሳምንት ሙሉ ከጻፉት ማስታወሻ ይልቅ እነዚያ 5 ደቂቃዎች የበለጠ እንዳስተማሯቸው አምናለሁ።

ልጆቹ ለምን እንደዚያ እንደሚያዩት በደንብ የገለጹት ኔዘርላንዳውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ ፒየር ቫን ሂሌ እና ዲና ቫን ሂሌ። ሁለቱም መምህራን ነበሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን ያቀረቡት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። እነሱ እንደሚሉት የልጅ የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ በደረጃ ያድጋል። መጀመሪያ ላይ ልጅ ቅርፅን የሚያውቀው እንደ ሰው ፊት ነው፤ በጠቅላላ መልኩ። "ካሬ ለምን ካሬ ሆነ?" ብትሉት "ካሬ ስለሚመስል" ይላችኋል። ቀጥሎ ክፍሎቹን ማየት ይጀምራል፤ ስንት ጎን፣ ስንት ማዕዘን፣ የቱ ከየቱ እኩል። ከዚያም ባሕርያቱን እርስ በርስ ማያያዝ ይመጣል፤ ካሬ ለምን ሬክታንግልም እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎች ወደ ማረጋገጫ የሚወስዱ ናቸው፤ ለ4ኛ ክፍል አያስፈልጉንም።

ከእነሱ ሥራ ሁለት ነገር ይያዙልኝ። አንደኛ፣ ልጅ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚሻገረው ዕድሜው ስለጨመረ ብቻ አይደለም፤ ባየውና በሠራው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ መምህሩ በአንድ ደረጃ ቋንቋ ልጁ በሌላ ደረጃ ቋንቋ እያወራ ከሆነ አይግባቡም። እርስዎ "አራት እኩል ጎንና አራት የ90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው" ሲሉ ልጁ የሚታየው በሰሌዳው ላይ ያለችው ቀጥ ያለች ሥዕል ናት። ትርጉሙን በቃሉ ይዞታል። ዓይኑ ግን ገና ሥዕሏ ጋ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው። ልጆቹ ቅርፁን በእጃቸው ይሥሩት፣ ከዚያ ያዙሩት፣ ይግፉት፣ ይጠፉት፣ ይቅደዱት። በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ደግሞ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቋቸው፦ "ምን ተለወጠ? ምን አልተለወጠም?" ያልተለወጠው ነገር የቅርፁ ባሕርይ ነው። ካሬው ሲዞር አቀማመጡ ተለወጠ፤ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ አልተለወጡም። ልጁ ይህን ራሱ ሲናገር ትርጉሙን ማስጻፍ አያስፈልግዎትም። እሱ ነው የሚያስጽፍዎት።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ዕቃ የተቀደደ ወረቀት ነው። ያለቀ ደብተር፣ ጋዜጣ፣ የሸቀጥ መጠቅለያ፣ ምንም ይሁን። ጠርዙ የተንጨፈረረ ቢሆን ይመረጣል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ይያዝና አንዴ ይጠፈው። ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። አሁን ያንን የታጠፈ ጠርዝ በራሱ ላይ ልክክ አድርጎ እንደገና ይጠፈው። ጥጉ ላይ የወጣው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። 62ቱም ወረቀት የተለያየ ነው፤ ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፣ የተጣመመ አለ። ማዕዘኖቹን ግን አንዱን በአንዱ ላይ ሲያስቀምጡ ልክክ ይላሉ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። "የማን ማዕዘን ይበልጣል?" ብለው ይጠይቁ። ትልቁን ወረቀት የያዘው ልጅ "የእኔ!" ማለቱ አይቀርም። ልጆች የማዕዘኑ ክንዶች ሲረዝሙ ማዕዘኑም የጨመረ ይመስላቸዋል። ወረቀቱን ከጓደኛው ወረቀት ላይ ያስቀምጠውና ይየው። ይህን ስህተት በቃል ለማረም ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚፈጅ እርስዎም ያውቁታል። በወረቀት 2 ደቂቃ ይበቃል።

ወረቀቱን ሲዘረጉት መሐል ላይ አራት እኩል ማዕዘን ያያሉ። አንድ ሙሉ ዙር ለአራት ተከፈለ ማለት ነው። 360ን ለ4 ማካፈል የሚችል ልጅ 90 ከየት እንደመጣ ገባው። (መማሪያ መጽሐፉ ማዕዘንን የሚጠራበት "ዘዌ" የሚለው ቃል እዚህ ጋ ቢገባ ጥሩ ነው። ነገሩን በእጃቸው ከያዙ በኋላ ቃሉ አይከብዳቸውም።)

ይቺ የወረቀት ጥግ ከዛሬ ጀምሮ የልጆቹ መሣሪያ ናት። ግንበኛ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ እንዳለው እነሱም አሏቸው። ክፍሉን ይፈትሹ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ ደብተሩ፣ የሰሌዳው ጥግ፣ የዴስኩ እግር። ሦስት ክምር እንዲያደርጉ ይንገሯቸው፦ ልክ የሆነ፣ የጠበበ፣ የሰፋ። ከልጆቹ ወላጆች መካከል ግንበኛ ወይም አናጢ ካለ ለ15 ደቂቃ ይጋብዙት። ቱንቢውን፣ ውሃ ልኩንና ስኳድራውን ይዞ ይምጣ። የቤት መሠረት ሲቀየስ ማዕዘኑ እንዴት እንደሚወጣ ያሳያቸው። በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል። የሁለቱ ጫፎች ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ምክንያቱን በላይኛው ክፍል ይደርሱበታል። አሁን በገመድ ሞክረው በወረቀታቸው ጥግ ማረጋገጥ ይበቃቸዋል። አንድ ልጅ አባቱ የሚሠራበት ነገር ሒሳብ መሆኑን በጓደኞቹ ፊት ሲያይ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አይቻለሁ። ለዚያ ብቻ እንኳ 15 ደቂቃው አይባክንም።

ሁለተኛው ዕቃ ስንደዶ ነው፤ ከተማ ከሆኑ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ። ይህ እኔ ከሁሉ የምወደው ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስትሮውን በተለያየ ርዝመት ይቁረጡ። ክር በውስጡ አሳልፈው ጫፍና ጫፉን ይሰሩ። ስንደዶ ከሆነ ጫፎቹን በጥቂት ጭቃ ወይም በሊጥ ማያያዝ ይቻላል፤ ግን መታጠፍ እንዲችል ክሩ ይሻላል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጎነ ሦስትና አንድ ጎነ አራት ይሥራ። የጎነ አራቱ አራት ቁራጮች እኩል ይሁኑ። አሁን "ጥጉን ይዛችሁ ግፉት" ይበሉ።

ጎነ አራቱ ወዲያው ይንሸዋረራል። ጎነ ሦስቱ ንቅንቅ አይልም። ልጆቹ መጀመሪያ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ክሩን ያጠብቃሉ፣ እንደገና ይሠራሉ፣ ያው ነው። ከዚያ ጥያቄዎቻችን ይምጡ። ጎነ አራቱ ሲገፋ ምን ተለወጠ? ማዕዘኖቹ። ምን አልተለወጠም? ጎኖቹ፤ አሁንም አራቱም እኩል ናቸው። ታዲያ አሁንም ካሬ ነው? የወረቀት ጥጋቸውን አውጥተው ይለኩ። አይደለም። እንግዲህ "አራት እኩል ጎን" ብቻውን ካሬን ካሬ አያደርገውም። ማዕዘኑም ያስፈልጋል። ይህ የተገፋ ቅርፅ ሮምበስ ይባላል ብለው ስሙን ያን ጊዜ ይንገሯቸው። ልጆቹ የትርጉሙን ሁለተኛ ግማሽ ለምን እንደሚያስፈልግ በጣታቸው አወቁ።

"ጎነ አራቱ እንዳይንሸዋረር ምን እናድርግ?" ብለው ይተዉአቸው። አይንገሯቸው። አንዱ ቡድን ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ስትሮ ያስገባል። ቅርፁ ቀጥ ይላል። "ለምን?" ሁለት ጎነ ሦስት ስለሆነ። በዚያው ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ የጣውላ በርና የቆርቆሮ በር ፍሬም እንዲያዩ ይንገሯቸው። በጀርባው በሰያፍ የተመታች ጣውላ ወይም ብረት ያገኛሉ። የቤት ጣራ፣ የድልድይ ብረት፣ የመብራት ተሸካሚ ማማ፣ ሁሉም ጋ ጎነ ሦስት አለ። በማግስቱ የሚመጣውን ወሬ ለመስማት 10 ደቂቃ ይመድቡ፤ ይበዛል።

በነገራችን ላይ፣ ከስትሮዎቹ መካከል ሆን ብለው 3፣ 4 እና 8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ቁራጮችን ለአንዱ ቡድን ይስጡ። ጎነ ሦስት አይሆንላቸውም። ሁለቱ አጫጭሮች ተደምረው ረጅሙን አይደርሱበትም። መምህርቷ ሆን ብላ የማይሠራ ነገር ሰጥታቸው ለምን እንደማይሠራ ማግኘት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እጅ ስለተንቀሳቀሰ ጭንቅላት ተንቀሳቀሰ ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በ6ኛ ክፍል አንድ ሥራ ሳሠራ ነው። ልጆቹ ከወረቀት ጎነ ሦስት ቆርጠው፣ ሦስቱን ማዕዘን ቀድደው፣ ጎን ለጎን ሲደረድሯቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ድምሩ 180 ዲግሪ ነው። እኔም "ቁረጡ፣ ቅደዱ፣ ደርድሩ" አልኩ። ቀደዱ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የትኛው ጥግ የጎነ ሦስቱ፣ የትኛው በመቅደድ የመጣ እንደሆነ ጠፋቸው። የተቀደደውን ጠርዝ እያጋጠሙ የሚገርም ቅርፅ ሠሩ። ሁሉም በሥራ ተጠምደው ነበር። ደስ ብሏቸውም ነበር። የተማሩት ነገር ግን አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመቅደዳቸው በፊት ሦስቱን ማዕዘኖች በሦስት የተለያየ እስክሪብቶ እንዲቀቡ ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያም በላይ፣ "ሲደረደሩ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግምት ያልሰጠ ልጅ ውጤቱ አያስገርመውም። አሁን ማንኛውንም ሥራ ከማስጀመሬ በፊት ግምታቸውን አስጽፋለሁ። አንድ ቃል ትሁን፣ ትጻፍ።

ሲሜትሪን፣ ማለትም ቅርፅ ሲታጠፍ ሁለቱ ወገን ልክክ ማለቱን፣ ለማስተማር የተሻለ ዕቃ ፍለጋ አይድከሙ። ፊደላችን አለ። እያንዳንዱ ቡድን "ሀ"ን፣ "በ"ን፣ "ሠ"ን፣ "ነ"ን እና "ገ"ን ጎላ አድርጎ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ መሐሉ ላይ አጥፎ ወደ ብርሃን ይያዘው። ግራና ቀኙ ልክክ የሚሉት የትኞቹ ናቸው? "ሀ" ይልካል። "በ" ይልካል። "ሠ" ይልካል። "ነ" እና "ገ" እምቢ ይላሉ። አሁን "ሁ"ን ይጻፉ። በቀኝ ጎኗ ባለችው ቅጥያ ምክንያት ሲሜትሪው ጠፋ። "ቡ"ም እንደዚያው። አንድ ትንሽ ጭረት ምን ያህል እንደሚለውጥ ልጆቹ ሲያዩ ሰባቱንም ቅርፅ ራሳቸው መፈተሽ ይጀምራሉ። እርስዎ ሳይነግሯቸው።

"ዐ" ላይ ሲደርሱ ክርክር ይነሳል። አሪፍ ክርክር ነው። አንዱ "2 ቦታ ይታጠፋል" ይላል፤ ሌላው "በፈለግሁበት አጠፍኩት፣ ሁሌም ይልካል" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው "ዐ"ን እንደ እንቁላል ጻፋት። ሁለተኛው ክብ አድርጎ ጻፋት። ደብተራቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጡላቸው።

ከፊደል ቀጥሎ የነጠላና የቀሚስ ጥለት አለ፣ የመሶብ ስፌት አለ፣ በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፌት አለ። ልጆቹ ከቤት አንድ ሥዕል ገልብጠው ይምጡ። ጥለቱን በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሲገለብጡ የትኛዋ ቁራጭ እየተደጋገመች እንደምትሄድ፣ የትኛዋ እንደምትገለበጥ ይለያሉ። የላሊበላውን የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ፎቶም ከአሮጌ ካላንደር ማግኘት አይከብድም። ጣራው ላይ የተቀረጹት መስቀሎች እጃቸው እኩል ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ነው ያሉት። ስንት ቦታ ይታጠፋል? 4 ቦታ። ትልቁና ትንሹ መስቀል መካከል ምን ተለወጠ? መጠኑ። ምን አልተለወጠም? ቅርፁ። በአንድ ፎቶ ሁለት ትምህርት ነው።

ለክብ ወደ ሜዳ ይውጡ። አንድ ችካል፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ሹል እንጨት ይበቃል። የሣር ጎጆ ሲሠራ ቦታው የሚቀየሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ምሰሶው የሚቆምበት ላይ ችካል ይተከላል፣ ገመድ ይታሰራል፣ ገመዱን ወጥረው ይዞራሉ። ልጆቹም እንዲሁ ያድርጉ። አንዱ ሆን ብሎ ገመዱን ያላላ። ክቡ ተጣመመ። ምን ሳይለወጥ ሲቀር ነው ክብ የሚወጣው? ከመሐል ያለው ርቀት። "ሬዲየስ" የሚለውን ቃል በዚህች ሰዓት ይስጧቸው፤ ገመዱ እጃቸው ላይ እያለ።

ክፍል ሲመለሱ በሰሀን ዙሪያ ሥለው ክብ ወረቀት ይቁረጡና "መሐሉን ፈልጉ፤ ማስመሪያ ክልክል ነው" ይበሏቸው። ሁለት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ ግማሽ ለግማሽ ማጠፍ ነው መፍትሔው። ያገኙታል። ቀጥሎ በሰሀኑ ዙሪያ ክር ይጠቅልሉና ክሩን ዘርግተው በመሐሉ ላይ በሚያልፈው ርዝመት ይስፈሩት። 3 ጊዜና ትንሽ ትርፍ። በቡና ስኒ ማስቀመጫ ቢሞክሩት 3 ጊዜና ትንሽ። በምጣድ አክንባሎ ቢሞክሩትም 3 ጊዜና ትንሽ። ፓይ የሚለውን ስም ገና አይንገሯቸው። "ለምን ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ሆነ?" የሚለው ጥያቄ ይዟቸው ይደር።

አሁን ወደ ዙሪያና ስፋት። እዚህ ላይ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ቋንቋችንም ትንሽ ያስቸግረናል። "ስፋት" በሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ ቅርፁ የሚሸፍነው ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ግን "የጠረጴዛው ስፋት ስንት ነው?" ስንል ወርዱን ማለታችን ነው። ልጁ ሁለቱንም ሰምቷል። ስለዚህ ሲያምታታ አይፍረዱበት። በመጀመሪያው ቀን ግልጽ ያድርጉት፦ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ርዝመትና ወርድ የጎን ናቸው፣ ስፋት የውስጡ ነው። "ካሬ" የሚለው ቃልም እንደዚያ ነው። ልጁ "የእኛ ግቢ 200 ካሬ ነው" ሲባል ሰምቶ ያድጋል። የቅርፅ ስም ከሆነ ታዲያ 200 ካሬ ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ እርስዎ ራስዎ ያንሱት።

ከዚያ በጠመኔ መሬት ላይ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ይሣሉ። "ይቺ ናት 1 ካሬ" ይበሏቸው። ስንት ልጅ ይቆምባታል? ይግቡና ይቁጠሩ። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ መሬት ላይ መሣል ስለለመዱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ራሳቸው አያይዘው ይሥላሉ። 200 ካሬ ማለት እንደነዚህ ያሉ 200 ካሬዎች ተነጥፈው ማለት ነው። አንዳንድ ልጅ በዚያን ቀን ነው የግቢያቸውን መጠን የሚረዳው።

ቀጥሎ ረጅም ገመድ ጫፍና ጫፉን ያስሩ። አራት ልጆች ከውስጥ ሆነው ጥግ ጥጉን ይወጥሩት። መጀመሪያ ቀጭንና ረጅም ያድርጉት፤ ስንት ልጅ ውስጡ ይቆማል? ከዚያ ወደ ካሬ ያምጡት፤ አሁንስ? ገመዱ ያው ገመድ ነው። ውስጡ የሚቆሙት ግን በጣም ጨመሩ። ምን አልተለወጠም? ዙሪያው። ምን ተለወጠ? ስፋቱ። ይህን በእግራቸው የቆሙበት ልጆች ሁለቱን ቃላት ሲያምታቱ ብዙም አላየሁም።

ተገላቢጦሹን በወረቀት ይሥሩት። እያንዳንዱ ቡድን 12 እኩል ካሬ ካርዶች ይያዝ። ሁሉንም ተጠቅመው ሬክታንግል ይሥሩ። 1 በ12 ሲሆን ዙሪያው 26 ነው። 2 በ6 ሲሆን 16። 3 በ4 ሲሆን 14። አሁን ወደ ግቢው ይመለሱ። 10 በ20 የሆነ ቦታ 200 ካሬ ነው፤ አጥሩ 60 ሜትር ይሆናል። 5 በ40 የሆነም 200 ካሬ ነው፤ አጥሩ ግን 90 ሜትር። የትኛው ብዙ ቆርቆሮ ይበላል? ይህን ጥያቄ ለቤት ሥራ ቢሰጡ ወላጆችም አብረው ያስባሉ።

ስለ ጠጣር ቅርፆች ብዙ አልልም፤ ዕቃው በየቤቱ ሞልቷል። የሳሙና ካርቶን፣ የክብሪት ቤት፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ። ካርቶኑን ሳይቆርጡ መገጣጠሚያውን ፈትተው ይዘርጉት፣ እንደገና ይጠፉት። ከ6 ካሬዎች ኩብ የሚሆነውን ዝርግ ሥዕል ይፈልጉ። በጠቅላላው 11 ዓይነት አለ። ሁሉንም ማግኘት የለባቸውም፤ 4 ወይም 5 ያገኘ ቡድን ጎበዝ ነው። ታንግራም የሚባለው የቻይናውያን የ7 ቁራጭ ጨዋታም ከካርቶን ይቆረጣል። ትልቁ ጎነ ሦስት የሙሉው ሩብ ነው፤ ትንሹ 1/16። ክፍልፋይ ላይ ሲደርሱ ይጠቅምዎታል።

62 ልጅ። ይህ ቀላል ነገር ነው አልልም። 8 ቡድን በ6 ልጅ፣ 2 ቡድን በ7 ልጅ ያድርጓቸው። ሁሉም ቡድን በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ይሥራ፤ የተለያየ ሥራ ለ10 ቡድን መስጠት እርስዎን ብቻ ነው የሚያደክመው። በቡድኑ ውስጥ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ዕቃውን ይያዙ። 6 ልጅ ለ1 ስትሮ ከሆነ 2 ልጅ ይሠራል፣ 4ቱ ያያል። ከኋላ የተቀመጡት ዝምተኞች እጃቸው ዕቃ መንካቱን እየዞሩ ይዩ። ዕቃ የሚያድልና የሚሰበስብ አንድ ልጅ በየቡድኑ ይኑር፤ በየሳምንቱ ይቀያየር። ድምፅ ይኖራል። ጎረቤት ክፍል ያለውን መምህር አስቀድመው ያነጋግሩት።

ጊዜን በተመለከተ፣ ተግባሩን ከትምህርቱ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ነገር አድርገው ካዩት በፍጹም አይበቃዎትም። ተግባሩ ትምህርቱ ይሁን። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 5 ደቂቃ ለጥያቄና ለግምት፣ 20 ለሥራ፣ 15 ለውይይትና ለጽሑፍ። የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ለምንም ነገር አሳልፈው አይስጡ። ስትሮው አልደረሰም፣ ቡድኑ አልጨረሰም ቢባል እንኳ ሥራው ይቁም። ልጁ ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጽፈው ያኔ ነው። ቀድሞ ማስታወሻ ለማስገልበጥ የሚሄደው ጊዜ እዚህ ይውላል፤ ልዩነቱ አሁን ዓረፍተ ነገሩ የልጁ መሆኑ ነው።

ገብቷቸው እንደሆነ ለማየት አንድ ጨዋታ ላካፍልዎት። ከካርቶን የተቆረጡ ቅርፆችን ውስጡ ከውጪ የማይታይ ከረጢት ውስጥ ይክተቱ። አንድ ልጅ እጁን ያስገባና አንዱን ይያዝ፣ አያውጣው። ስሙን ሳይጠራ በጣቱ የሚሰማውን ይናገር፤ ክፍሉ ይገምት። "ሾል ያለ ነው" የሚል ልጅ ገና በመልኩ ነው የሚያውቀው። "4 ጎን አለው፣ ሁለቱ ረጅም፣ ሁለቱ አጭር፣ ጥጎቹ እንደ ወረቀቴ ናቸው" የሚል ልጅ ተሻግሯል። ከማንኛውም ፈተና በላይ ይነግርዎታል።

ለሚቀጥለው ሰኞ የተቀደደውን ወረቀት ብቻ ይዘው ይግቡ። ሌላ ምንም አይጨምሩ። ማክሰኞ ስትሮውን። ዓርብ ላይ ካሬውን ሰሌዳው ላይ እንደገና አዘንብለው ይሣሉት፣ ትልቅ አድርገው፣ ዝም ብለው ይጠብቁ። አንገታቸውን ካዘነበሉ ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን ጨምረው ከስትሮው ጋር ይቆዩ። የወረቀት ጥጋቸውን ይዘው ለመለካት ወደ ሰሌዳው ከተነሱ ግን ወደ ሬክታንግል ይለፉ።